ላቫጆ

ሌት የገባ ሲኖ፣ ከጅቡቲ ጭኖ፣
አዳማ ላቫጆ ቆሟል አፈር ሆኖ።
ከፊቱ ብረት ላይ ውሃ ስረጭበት፣
ጠጉር አገኘሁኝ ደም የደረቀበት።
«የፍየል ነው» አልኩኝ።
ዘበኛው ኦቦ ጂሎ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት፤
«ሳላ ናት።»

«ፓርክ ይሆናል ተብሎ አባቴን ከነግመሉ አስነሱት።
ቆይተው ለእኔ ጠመንጃ ሰጡኝ፣
የተነሳንበትን ሳር ሃያ ዓመት ጠበቅሁት።
ጠልቻት ነው የጀመርኩ፤
ጡረታ ስወጣ አንዷን ካንዷ በኮቴ እለይ ነበር፣
የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የትኛዋ እንደምታነክስ።»

ሾፌሩ ክላክሱን አስጮኸው፦
«ፍጠን! ተመላሽ ነኝ፣ ማታ መተሃራን ማለፍ አለብኝ።»
ይሰድቡታል ብዬ ነበር።
መስኮቱ ሥር ሄደው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ፈንታሌ ሥር ስትደርስ ቀስ በል ልጄ፤
ግልገል ሳይኖራት አይቀርም፣
መንገዱ ዳር እየጠበቃት ይሆናል።»