ማሾ

ደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
የዓለምን ንግድ አየሁት፣ በመስመር ሲጠልቅ ሲፈልቅ።
«ወጪ ሲደመር ገቢ፣ ለጠቅላላ ምርት ሲካፈል፤
አገር ምን ያህል ክፍት ናት?» ይላል ቀመሩ። ቀላል።
እኔ ግን በዚህ ከተማ፣ ክፍት በር ሲባል የማውቀው
ብርዱ ነው የሚገባው፤ ሙቀቱ ነው የሚወጣው።

በኅዳር ቁልቁል ወረድኩ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ፤
ሸዋ ሮቢት ገበያ ገባሁ፣ ቅፄን ይዤ፣ ካፖርቴን አጥፌ።

ይመር እንድሪስ ጆንያውን ከሚዛኑ ላይ አስቀመጠ፤
ነጋዴው ስልኩን ሰማና ፊቱን ወዲያ ለወጠ።
«በኪሎ ስድስት ብር ወርዷል፣ ከባሕር ማዶ ነው» አለ።
«የኔ ማሾ በአንድ ሌሊት ክብደቱ መቼ ጎደለ?
ቤቴን ቆርቆሮ ላለብስ መሆኔን፣
ማዶ ላለው ሰውዬ ማን ነገረው?»

ምን ልመልስ? ቅፄ ላይ ለዚህ ጥያቄ ሣጥን የለ፤
መጠን፣ ደረጃ፣ ዋጋ። እስክሪብቶዬ ተንጠለጠለ።

ዜሮ ሰባት አንድ ሦስት፣ ሦስት አንድ፦ ይህ ነው የክርስትና ስሙ፤
በዚህ ነው ማሾን ወደብ ላይ የሚጠሩት፣ ሰነድ ሲፈራረሙ።

ተመልሼ ከተብኩት። ሃያ ዓመት ባንድ ገጽ።
እዚያች ዓመት ጋ ትንሽ ጎድጓዳ፣ የፀጉር ውፍረት ያህል፤
አለቃዬ «ረብሻ ነው፣ አማካዩን ውሰድ» ይላል።
ረብሻ! ይመር እኮ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤
ጆንያውን ራሱ ቋጠረ፤ ብሩን ደግሞ አልቆጠረም።

ሃያ አንድ ቆርቆሮ ናት ያቺ ጎድጓዳ፤ ዘይነባ
ክረምቱን ሙሉ ባልዲ የደቀነችባት፣ ነጋ ጠባ።

ደግሞ አልዋሽም፤ ካቻምና ያው መስመር ሽቅብ ሲያቀና
በሬ ገዝቷል ይመር። ዛሬም አለ፣ ያመሰኳል በጤና።
መርከቡን ልውቀስ? ስልኩን? ወይስ
ሁለቱንም በአንድ ሕዋስ የጨመቅኩትን እኔን?

ማታ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጮኸና ጨለመ፤
ፎቁም፣ ሠንጠረዡም፣ ዓለሙም ባንዴ አከተመ።
ዘበኛው ጋሽ ጥላዬ ላምባ ያላት ማሾ አመጡልኝ፤
«በማሾ ማሾ ቁጠር እንግዲህ» ብለው ሳቁብኝ።

ቅፁን ዘረጋሁ። በዚያች ብርሃን
የሚነበበው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤
አማካዩን ተውኩት።
ኅዳጉ ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ ይመር።