የእጅ ውሃ

ኮቺ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ፣
መብራቱም እንደ ልማዱ ሄዶ ማታ፣
ወርቅያንሹ እህቴ፣ ጎመን እየቀነጠሰች በሻማ ጭላንጭል፣
"እስቲ" አለች፣ "ስድስት ወር ምን በልተህ ከረምክ? ሰው እኮ ይጠይቀኛል።"

ሩዝ ነዋ! ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታም እሱው ነው፤
አንዴ ክር ይሆናል፣ አንዴ ስስ ወረቀት፣ ቅጠል የሚጠቀልለው።
ቀርከሃ ማጠፍ ልማር የሄድኩበት ከተማ ሁዌ ይባላል፣
ዝናቡ የጂማን ዝናብ "ታናሼ" ይለዋል፤
አከራዬ ባ ሊየን፣ ባሏ የሞተባት፣
ቁመቷ ከአባባ መጋዝ ቢበልጥ በአንድ ጣት።

የዓሣ ውሃ አላቸው፣ ጨው ውስጥ ዓመት የከረመ፤
መጀመሪያ ሲሸተኝ ሆዴ ሊወጣ በር ላይ ቆመ፤
ኋላ ግን ያለሱ ሩዙም አልጣመ።
አንድ ጠርሙስ ይዤ መጥቼ፣ ትናንት ክዳኗን ስከፍት፣
ሐጂ ጠሃ ከአጥር ማዶ፣ "ልጄ፣ ኮርኒስህ ውስጥ አይጥ ሞታለች፣ ፈልጋት!"
ድመቶቹ ግን ገብቷቸው መጡ፤ አምስት፣ ስድስት።

"ይጾማሉ?" አለች፤ በጾም ነው የምትለካው ሰውን።
ይጾማሉ፤ ጨረቃ በተወለደችበት፣ ደግሞም በሞላችበት ቀን
ሥጋ ድስቱን ይለቃል፤ ያን የዓሣ ውሃ እንኳ እያየን እናልፋለን ሁለታችን።
አንድ ቀን ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ቡድሃ ቤት ወሰደችኝ፤
ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ አገሩን ያወቀ መሰለኝ፣
ቀኝ እጄ ግን ለማማተብ ተነሥቶ፣ ደረቴ ላይ ሲደርስ ግራ ገባው፣
የሸሚዜን ቁልፍ ሊነካካ እንደመጣ ሆኖ አለፈው።
አልሰገድኩም። መነኩሲቶቹ፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣
ዳክዬ አቀረቡልኝ! ቆዳው ሳይቀር ተጠብሶ፣ ወዙ ቅልጥ ያለው፤
"አኩሪ አተር ነው" ብለው ሳቁ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

"የጾም ዳክዬ!" ሳቀች እህቴ፤ ከተዝካሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ።
እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ምላሴ ግን ማቆሚያ መች ሊያውቅ!

ከምሳ በኋላ ባ ሊየን ባልዲ ሙሉ ዓሣ ገዝታ ወንዝ ለቀቀች፣
ለነፍስ ነው መሰለኝ፤ ማዶ ግን መረብ ይዘው የሚጠብቁ ነበሩ፣ ታያቸዋለች።
"እያየች?"
እያየች።
"ሞኝ ናት" አለች ወርቅያንሹ፤ ቆይታ ደግሞ፣ "ታዲያ ምን ታድርግ" አለች።

ስልክ የደወልሽ ዕለት ቀርከሃ እሳት ላይ እያጠፍኩ ነበር፤
እኔ ቲኬት ስጠይቅ፣ እሱ በማግስቱ ገባ አፈር።
እኔ ሃያ ቃሏን፣ እሷ ሦስት ቃሌን ብናውቅ፣
"ሞተ" ከዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ስልኬን ዘረጋሁላት ስናነቅ፤
ሄርማታ ላይ፣ ባለሦስት እግር በርጩማውን ሲጠርብ፣
ያነሣሁት ፎቶ ነው፤ አባባ፣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ ሲረግብ።

በነጋታው ፎቶው ታትሞ ከባሏ ፎቶ ጎን ቆሟል፤
ሙዝ ቀርቧል፣ ሾርባ ቀርቧል፣ ሩዝ ከነእንፋሎቱ ቀርቧል፣
ሁለት የመብሊያ እንጨትም ተጋድሟል።
"አያውቅበትም" አልኳት በአማርኛ፤ ሌላ ቃል ከየት ልፈልግላት?
አምስት ጣቴን ሰብስቤ ወደ አፌ፣ አባባ ሲጎርስ አሳየኋት።
እጄን አየች። ፎቶውን አየች።
እንጨቶቹን አነሣች፤ ጓዳ ገባች፤ ዘገየች።
ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ፎጣ በክንዷ ይዛ ተመለሰች፣
ከፎቶው ፊት አኖረችና፣ እስኪታጠብ ድረስ ፊቷን አዞረች።

ወርቅያንሹ ዝም። "ጣዖት ፊት አባቴን!" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣
ቢላዋው ጎመኑ ላይ ቆሟል፤ አይነሣም፣ አይወድቅ።
"ውሃው ለብ ያለ ነው ያልከኝ?"
"ለብ ያለ።"
"እንኳን። መጋዝ የሰነጠቀው ጣቱን ቀዝቃዛ ያመው ነበር"
አለችና፣ ጎመኗን ትቀነጥስ ጀመር።
"ያቺን ጠርሙስ ግን" አለች፣ "አውጣልኝ ከዚህ ሰፈር።"