ወደ ታች አይወርድም

የእናቴ ማሳ፣ ካቴቴ ዳር ያለው፣
አላፊ አግዳሚውን በቅጠሉ ያቆመው፣
«ምን አብልታው ይሆን?» ያሰኘ ጎረቤት፣
በሚያዝያ ማለቂያ፣ በነቀላው ዕለት፣
ቅርፊቱ ተንዠርጎ ከሥሩ ሲታይ፣
ዘሊፓ ሣቀች፤ አየች ወደ ሰማይ።
ከዚያም አንዱን መርጣ በአውራ ጣቷ ጨመቀች።

ጧ! አለ። ባዶ ነው።
ሌላ አነሣች።
ጧ!
ሌላ።
እስከ መስመሩ ጫፍ እንዲህ እያደረገች ሄደች፣
እኔም ከኋላዋ፣ ቅርፊቱን እየረገጥኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቺፓታ ገበያ
ፖታሽ ያመጣሁት፣ ሁለት ሙሉ ጆንያ፣
በብስክሌት፣ ዳገት፣ አዋቂ ሰው ሆኜ፣
ምክሬንም ከጆንያው አንድ ላይ ጭኜ።
ቅጠል ይወፍራል ሲሉኝ አመንኳቸው፤
ወፈረ፤ አልዋሹም፤ ሐሰት የለባቸው።

ናማካው መጣች፣ ከምርምር ጣቢያው፣ በእግሯ፣
ጫማዋን አሸዋ ሞልቶት።
ተንበርክካ፣ ፈልጋ ፈልጋ አንዲት ፍሬ አገኘች፣
ለሁለት ከፈለቻት።
ቡቃያው የሚተኛባት ቦታ
ከሰል መስላ ጠቁራለች።
«የካልሲየም ረኃብ ነው» አለች፣
ስለ ጎረቤት ልጅ እንደምታወራ።

«ሥሩማ ይጠጣል። ግን ውሃ ተከትሎ
ወደ ላይ ነው ጉዞው፣ ቅጠል ቅጠል ብሎ፣
ፀሐይ ወደምትስበው። እዚያ ከገባ ቀረ፤
ወደ ታች አይወርድም፣ በዚያው ታሰረ።
አበባው ጠውልጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
እንደ መርፌ ቀጥኖ አሸዋ ውስጥ ገብቶ፣
በጨለማ ሲያድግ፣
ስኳሩን ከእናቱ ይቀበላል።
አጥንቱን ግን ማንም አይልክለትም፤
በገዛ ቆዳው፣ ከዙሪያው አፈር ለቅሞ ነው።
እናንተ ደግሞ በሩን በፖታሽ አጨናነቃችሁት።
ፖታሽ ጠላት አይደለም።
በዝቶ ቆሞ ነው፣ ሌላው የሚያልፍበት አጥቶ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ ቅጠሉን አየች።
«ይኼን ሁሉ ይዞ!» አለች።
ከዚያ፣ «ዋጋው ስንት ነው?»

በተከታዩ ዝናብ ጂፕሰም ገዛን፣ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ፤
ግማሹ ድልድዩ ላይ ጆንያው ተቀዶ ፈሰሰ።
የተረፈው ለስድስት መስመር በቃ።
ቢጫው አበባ ሲወጣ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ፣
ልጆቹ በሚወርዱበት ቦታ ላይ
በተነችው፤ በሦስት ጣት፣ እንደ ጨው እየቆጠበች።

ቅጠሉ ዘንድሮ አጠር፣ ገርጣ ብሏል፤
ጎረቤት ሳይቆም ሰላም ብሎ ያልፋል።
ነቀልን። እናቴ አንዱን ቅርፊት ይዛ
ጨመቀች። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጋ፣
እምቢ።
ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው፣
ዓይኗን ጨፍና።
ያልተበተነበት ሰባተኛው መስመር ግን
ጧ አለ፣ እንደ አምናው።

አንዱ ጆንያ ሞልቶ ተሰፍቷል አፉ፤
እሷ ግን ማታ ማታ ከደጃፉ
ተቀምጣ፣ ለዘር ካስቀረችው ላይ
አንድ በአንድ ትጨምቃለች።
አፈሩን አምናለች፤
ጣቷ ግን ገና አላመነም።