ባሕር መዝገብ

እስከ ዛሬ የማውቀው ባሕር
ዛፍ ነው።
ከጅሬን ቁልቁል ተሰልፎ
ዝናብ ሲመታው የሚያፏጭ፣ ባሕር ዛፍ።

ሌላው መዝገብ ነው፣
በአምቡላንስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ የተላጠ።
ስም፣ ቀበሌ፣
የተነሣንበት ሰዓት፣ የደረስንበት ሰዓት።
በመካከላቸው የሆነውን የሚጽፉበት ዓምድ የለውም።
በነዚህ ሁለት ባሕሮች ዐሥራ አንድ ዓመት ቀዘፍኩ፣
ጫማዬን ጭቃ እንጂ ጨው ሳይነካው።

አሁን ደብዳቤ መጣ።
ነጭ መርከብ፣ ዐሥራ አራት ፎቅ፣
የልብ ሕመማቸውን ከሻንጣቸው ጋር የሚጭኑ አዛውንት፣
ከላይ ደግሞ መዋኛ ገንዳ።
"ባሕር ላይ ሌላ ውኃ?" አለ ተማም፣ ሾፌራችን፣
መሪውን ለቅቆ እየሳቀ፣
"በሐምሌ ዝናብ ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ በለኛ!"

ዋና መቻል ግዴታ ነው ይላል።
የት ልማር? ቦዬ ጉማሬ አለበት።
አዌቱ ከጉልበት አያልፍም፤
ካለፈም ሰው ሊወስድ ነው።
ጎሕ ሳይቀድ፣ በአንድ ሆቴል ገንዳ፣
ዘበኛው ሸምሱ ከዳር ሆኖ እየቆጠረልኝ
የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ እንደ እንቁራሪት ተወራጨሁ።
በሃያ ሁለተኛው ቀን
ውኃው ተሸከመኝ።
ዝም ብዬ ሰማዩን አየሁ።
ቃሬዛ ይዤ እንጂ
ቃሬዛ ላይ ሆኜ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፈተናው፣ በስልክ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፦
"መሬት የሁለት ቀን መንገድ ቢርቅ፣
ደም ባይኖር፣ ብቻህን ብትሆን፣
ምን ታደርጋለህ?"

አፌን ስከፍት የወጣችው ዘይኑ ነበረች።
ከደዶ ስንመለስ፣ ነሐሴ፣
ጎርፉ ድልድዩን የበላ ለታ።
ከፊት ወንዝ፣ ከኋላ የተናደ አፈር፣
በመካከል አንዲት ቆርቆሮ፣ ውስጧ አራት ነፍስ፣
አምስተኛው ገና እየመጣ።
አማቷ ዱዓ፣ ተማም ባትሪ፣ እኔ ጓንት።
ልጁ አለቀሰ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ።
ጡጫዬን አስገብቼ ማሕፀኗን ጨብጬ ያዝኩ፣
እስኪነጋ፣
ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ እስኪሆን፣
ከማዶ ትራክተር እስኪጮህ።
መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር፤
ነፋስ ይሁን የኛ መንቀጥቀጥ አልለየንም።

"በመርከብ ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?" አሉኝ በመጨረሻ።
"አዎ" አልኩ።
ዋሸሁ እንዴ?

ዘይኑ ዛሬ ሕርማታ ገበያ አቮካዶ ትሸጣለች።
ለኔም አትቀንስልኝም።
ልሄድ ነው ስላት መዘነች፣
አንድ ጨመረች፣
አሰበችና መልሳ አወጣችው።
"ወደዚህ የሚመጣው ማነው?" አለች፣
ለኔ ይሁን ለአቮካዶው ጫኝ
አልገባኝም፤ ሌሊቱን ግን አላስተኛኝም።

የዛሬው ተራዬ የመጨረሻ ነው።
ተማም ከሞተሩ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
"ባሕር ዛፍ ቆርጠን የሠራነው ቤት፣
ባሕሩ ሄደና ዛፉ ቀረበት" ይላል።
መልስ ሳልፈልግ
ስልኩ ጮኸ።
ከሰቃ ወዲያ፣ መንገድ የለም፣ ምጥ፣ ሁለተኛ ቀኗ።
"ና እንጂ፣ ካፒቴን!"
መዝገቡን ገለጥኩ፣
የተነሣንበትን ሰዓት ጻፍኩ።