እጅ ስጠኝ

ኅዳር ነው። መሐል ሜዳ በውርጭ ነጥታለች፤
ጠመኔዬ ቀዝቅዛ ጣቴን ትነክሳለች።
«ሃንድ» ብዬ ጻፍኩኝ። «እጅ ነው» አሉና
መዳፋቸውን እፍ ማለት ቀጠሉ እንደገና።

ግን ይህ ቃል ዘላን ነው፣ አንድ ቤት አያድርም፤
የትም ዘው ለማለት ከቶ አያፍርም።
ሰዓቱ ፊት ላይ እኛ «ቆጣሪ» ያልነው፣
በነሱ አገር እጅ ነው።
ካርታ ተጫዋቹ ደረቱ ላይ የሸሸገው፣
እሱም እጅ ነው።
ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቆጥር፣ ፊትና ስም ትቶ፣
«ሃያ እጅ» ይላል፣ ሰውየውን ረስቶ።
ይህ የለበስኩት ካፖርት፣ ከቦንዳ የወጣው፣
እኛ ልባሽ ብንለው፣ ሁለተኛ እጅ ነው።
ልጆቹ ካፖርቴን አዩት። አየሁት እኔም።
እጅጌው ረዝሞብኛል፤ የማን እንደነበር አላውቅም።

«የኛስ!» አለች ማናህሎሽ፣ ፊት ወንበር ያለችው፣
«ያደረ ወጥ እጅ እጅ ይላል፤ እጅን ማን ቀምሶት ነው?»

ቀጥዬ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ብዬ «በሉ ተርጉሙ» ስል፣
ሸዋንግዛው ተነሣ ከኋላ በኩል፦
«እጅ ስጠኝ!»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ማረከ፣
አንዱ ክንዱን ሰቅሎ ዴስክ ሥር ተንበረከከ።
«አይደለም» አልኩ፣ «አግዘኝ ማለት ነው።»
እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ግንባሩን ቋጠረው።
«ታዲያ ቲቸር፣ እነሱ አገር
እጅ የሚሰጠው ረጂው ነው?
እኛ ጋ ተረጂው ነው።»

ደወሉ አዳነኝ።

አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤልን፣
የወፍጮ ቀበቶ የበላው ቀኝ እጃቸውን።
ባና ይሸጣሉ። እጅ በእጅ እንጂ ዱቤ የለም፤
«እጅ አጠረኝ» ብለው ለማንም አያውቁም።
አንድ ቅዳሜ ነፋሱ ባናውን ሲነጥቃቸው፣
በጥርስ ነክሰው፣ በጉልበት ተጭነው ሲታገሉት ሳያቸው፣
ላግዝ ብጠጋ፣ «ተዪው» አሉኝ፣ ቀናም ሳይሉ፤
«እጄ ሄደ እንጂ፣
እጅ አልሰጠሁም» አሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በአጠገባቸው ሳልፍ፣
ደጋግሞ ያመለጣቸውን የባናውን ጫፍ
ወደ እኔ ወረወሩት፣ ፊታቸውን አዙረው፤
«ያዢ» አሉኝ፣ ዕዳ እንዳለብኝ ሰው።
ያዝኩ። ተራራቅን፣ ተቀራረብን፣
ተራራቅን።
ሦስት ባና አጠፍን።
ሱፉ እጄ ላይ የበግ ሽታውን ተወ፤
ስለ ዋጋውም ስለ ብርዱም አላወጋን።

በፈተናው ላይ ሸዋንግዛው አሁንም
«እጅ ስጠኝ» ብሎ ጻፈ፤ አልሰረዘም፣ አላረመም።
ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ፣ ኤክስ ልልበት
እጄን አነሣሁት፤
እንደ ምርኮኛ እጅ
አየር ላይ ቀረ።