የተቆረጠ ፊርማ

ግላስጎው፣ ቅዳሜ፤ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ዳር፣
ፈርገስ አጎንብሶ በአጉሊ መነጽር
የቀለሙን ስምጠት፣ የፊደሉን ጅራት አንድ በአንድ ሲመረምር፣
«ማሽን አልነካውም፤ ማኅተም አይደለም፤
እውነተኛ ነው» አለ፣ «የራሱ የሀሚሽ ሌርድ እጅ፣ የራሱ ቀለም።»

ክፈፉ ያምራል።
ከላይ የሸክላው ሽፋን፣ ሀሚሽ ከነጊታሩ፤
ከታች ሁለት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ወረቀት፣
ፊርማ ብቻ፣ ዳር ዳሩ
በምላጭ የተስተካከለ።
ዋጋው ዘጠኝ መቶ ፓውንድ። አንዱ «ስምንት» አለ።

ሞራግ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ አየችው።
ሰማያዊ መስመር፣ በቀኝ ጥግ የሻይ ጠብታ፤
አወቀችው።
የሒሳብ ደብተሯ ነው፣ የሦስተኛ ክፍል፣
መምህሯ «ወላጅ ይፈርም» ያሉበት፣
አባቷ ከጉዞ ገብቶ፣ ሌሊት፣
ኮቱን ሳያወልቅ የፈረመበት።
ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ነበር፣
«ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ እኔ ነኝ ያልነበርኩት» የሚል።
ምላጩ እሱን ጥሎታል።

«ትክክለኛ ነው?» አለች።
«ያለ ጥርጥር» አላት ፈርገስ፣ የምስክር ወረቀቱን እያሳየ።
ጣቷ ግን መስታወቱ ላይ፣ ከፊርማው ትንሽ ከፍ ብሎ፣
ባዶው ላይ ቆየ።