የሳሳው ቦታ

"ስንት ሚሊ?" አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣
እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ፤
ከጦሳ የመጣው የነሐሴ ጉም
በተሰበረው መስኮት ገብቶ ጣውላው ላይ በረደ።

እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ ይማም! የማውቀው ሽቦ ነው፣
የሞተ ቴሌቪዥን ማስነሣት ነው እንጀራዬ፤
የጌም ሳጥን ልሥራ አልኩኝ፣ ደረት የሚደርስ፣
ልጅ እየደበደበ ሳንቲም የሚያጎርሰው፣
ከደጄ ቆሞ፣ ከዣንጥላዬ።

አሥራ ስምንት ብንል ከበደ፣ ዋጋውም ሸክሙም፤
ሁለት ጎረምሳ ይዞት የቧንቧ ውሃን ዳገት አይወጣም።
ዘጠኝ ብንል፣ በመዳፉ አንዴ መታው፣
እንደ ድቤ ጮኸ፣ ድፍን ሰፈር ሰማው።
"ይኸስ ለመንዙማ ነው" ብሎ ሳቀ፤
"የደሴ ልጅ ሲሸነፍ ብቻ መሰለህ? ሲያሸንፍም ይደልቃል፣
ወር ሳይሞላው ይኸ ለሁለት ይሰነጠቃል።"

ቺፑዱ ርካሽ ነው፤ ግን ክረምት ሲገባ
ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ይነፋል፣
ብሎን ሲያጠብቁት እንደ ጭኮ ይረግፋል።
ኮምፔርሳቶው ደግሞ ንብርብር፣
ከጎኑ ሲያዩት የባለሱቅ የዱቤ ደብተር፤
እሱን ወደድኩት።
ለግራና ቀኙ አሥራ አምስት፣ ለጀርባው ስድስት፣
ጀርባ ማን ያየዋል?
እጅ ለሚያርፍበት ለፊቱ ግን "አሥራ ስምንት!" አልኩ፣
እንደ ሀብታም፣ ኪሴን ሳልነካ።

ሐሙስ ዕለት ጆይስቲኩ ደረሰ፣ ከመርካቶ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፤
ከሥር አስገብተን ብናየው፣ ከጣውላው በላይ የወጣው
እንደ ደነገጠ ዔሊ አንገት፣
ጥፍር የምታህል ርዝመት።
ጨዋታ ቀርቶ ዝንብ አያባርርም።
"ተሳሳትን" አልኩት።
"ተሳሳትን አትበል" አለኝ መሮ እያነሣ፣
"አብሽር፤ ይሳሳ በል፤ ይሳሳ።"

ገለበጠው። ፊቱን አልነካም፤ በሆዱ በኩል ነው የገባው።
ፍቅፋቂው ጺሙ ላይ እየተነሰነሰ፣
አሥራ ስምንቱ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሰባት ደረሰ።
"ዙሪያው ይወፍር፣ ክብደቱን እሱ ይቻለው፤
እጅ የሚመጣበትን ግን ማሳሳት ነው" አለ፣
አለና መሮው ቆመ።

ልጁ ሙሕዲን፣ ይኸንኑ የሥራ ገበታ
በሁለት ጣቱ ሲደልቅ ይውል ነበር፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
"ዝም በል! እለው ነበር" አለኝ፣ "ዝም በል!
አሁን ጂዳ ነው፤ በስልክ ሲያገኘኝም ዝም ይላል።
እኔ ያኔ፣ ወንድሜ፣ የትም ብትነካኝ አሥራ ስምንት ነበርኩ፤
አውቶቡሱ ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ ነው የሳሳሁት።"
ብናኙን እፍ አለው።

ሳጥኑ አሁን ደጃፌ ቆሟል።
ግራ እግሩ አጥሮ ካርቶን አጥፌ አስደግፌዋለሁ፤
ስድስት ሚሊው ጀርባ ጎብጧል፣ ማንም አላየውም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።
ጋሽ ይማም ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሲመለስ፣ ጎራ ይላል፤
መጫወት አይችልም፣ ሳንቲምም አይከትም፤
የታችኛውን መዝጊያ ከፍቶ ክንዱን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣
ከላይ ልጆቹ ሲደልቁ፣ እሱ ከሥር
የሳሳውን ቦታ በመዳፉ ይዞ ይቆያል።
"ቻለ?"
"ቻለ" እለዋለሁ።